የጨቅላ ሕፃን ምችና ምርመራው

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አባል በሆንን የጤና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ቀሪዎች ቅጣት ነው። ዛሬ በጤና ሥራ ላይ ለተሰማራነው አባላት የመናገሪያ ጊዜ ስለ ተሰጠን በቅድሚያ እናመሰግናለን። የተነሣንበትም ጉዳይ ስማቸው በቅሬው መዝገብ ውስጥ ስለማይገኝ ሟቾች ነው። እነርሱም ከተወለዱ ገና ወር ያልሞላቸው ጨቅላ ሕፃናት ናቸው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ክርስትና ያልተነሣ ወይም ስም ያልወጣለት ሕፃን ሲሞት ጡሩምባ አይነፋም፤ ድንኳን አይተከልም። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ሰው ተጠርቶ ይቀብረዋል፤ እናቲቱንም «ሌላ ይተካልሽ» ብለን ወደየሥራችን እንበተናለን። ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ግን በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 33 ያህሉ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይሞታሉ። አብዛኞቹ የሚሞቱት ያለ ጊዜያቸው በመወለዳቸው፣ በምጥ ወቅት በመታፈናቸውና በልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታዎች ነው። ከእነዚህ ተላላፊ በሽታዎች አንዱ፣ መድኃኒት እያለው፣ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሕፃኑን ይዞት የሚሄድ ነው። ስሙ ሄርፒስ ይባላል። እኛ በሠፈራችን የምናውቀው በሌላ ስም ነው፤ ምች እንለዋለን።

ምችን የማያውቅ የለም። ትኩሳት ካመመን ወይም ፀሐይ ከመታን በኋላ በከንፈር ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ትንንሽ ሽፍታ ይወጣል፤ ያቃጥላል፤ ይፈነዳና ቅርፊት ይሠራል፤ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። አያቶቻችን ቅባት ነክቶ ወይም የምግብ ሽታ ይዞ ፀሐይ ላይ መውጣት ያመጣዋል ይላሉ፤ ዳማ ከሴም ይታሽለታል። እርግጥ ነው ምች የምንለው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው፤ ራስ ምታቱንም ትኩሳቱንም ምች ነው እንላለን። የከንፈሩን ሽፍታ የሚያመጣው ግን ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኘው ይነቃል። ስለዚህ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል ያሉት አባቶቻችን ከእውነቱ ብዙም አልራቁም።

ቫይረሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በብዛት በአፍ አካባቢ፣ ሁለተኛው በብዛት በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ይወጣል፤ ሁለቱም ግን ሕፃን ሊይዙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ውስጥ ከ100 ሰው 64 ያህሉ አንደኛውን ዓይነት ይዞ ይኖራል። ከዚህ ከተሰበሰብነው ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይዞናል ማለት ነው፤ አብዛኛው ሰውም ምልክት ሳያይበት ይኖራል። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ የዚህ ዘመድ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም።

ለአዋቂ ሰው ምች የሳምንት ጣጣ ነው። ለጨቅላ ግን ሌላ ነገር ነው። የጨቅላ ሰውነት ቫይረሱን ከቆዳው ላይ አግዶ የማቆም ኃይል ገና ስለሌለው ወደ አንጎሉ፣ ወደ ጉበቱና ወደ ሳንባው ሊዘልቅ ይችላል። ሕፃናት ከሚያዙበት መንገድ ዋናው ወሊድ ነው፤ ከ100ው 85 ያህሉ በወሊድ ጊዜ፣ 5 ያህሉ በማሕፀን ሳሉ፣ 10 ያህሉ ደግሞ ከተወለዱ በኋላ ይያዛሉ። ከተወለዱ በኋላ የሚያዙት ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ሲስማቸው ነው። እናቲቱ ቫይረሱን ከድሮ ይዛው የኖረች ከሆነች ሰውነቷ የሠራው መከላከያ ለልጁም ስለሚያልፍለት አደጋው እጅግ አነስተኛ ነው። አዲስ የያዛት ልትወልድ ስትቃረብ ከሆነ ግን ከ100 ሕፃናት ከ30 እስከ 50 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ለባልና ለሚስት፣ ለሽማግሌዎችም እንናገራለን። ልጃቸው የታመመባቸው አብዛኞቹ እናቶች ይህ ነገር በሰውነታቸው እንዳለ ፈጽሞ አያውቁም፤ አንድ ቀንም ቁስል አይተው አያውቁም። መቼ እንደ ገባም ከሽፍታው አይታወቅም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሕፃን ሕመም የጠብና የፍቺ ምክንያት እንዳይሆን አደራ እንላለን።

ይህ በሽታ ብርቅ ነው። በመላው ዓለም የተደረገ ግምት ከ100,000 ወሊድ 10 ያህል ሕፃናት ይያዛሉ ይላል። ታዲያ ይህን ያህል ብርቅ ከሆነ ስለ ምን ጊዜያችንን ትወስዳላችሁ የሚለን ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሳይታከም ከቀረ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ በጊዜ ከታከመ ግን ብዙ ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ከሌሎቹ የጨቅላ በሽታዎች ምልክት የማይለይ በመሆኑ፣ ለዚህ ብለን የምንማረው ጥንቃቄ ለሁሉም ይሆነናል። ሦስተኛ፣ ይህን በሽታ ለይቶ የሚያሳውቀው ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራውን ደግሞ ቤተሰቡ ሳያውቅ በገዛ እጁ ሊያበላሸው ይችላል።

ሕመሙ በሦስት መልክ ይመጣል። ከ100 የታመሙ ሕፃናት 45 ያህሉ ላይ በቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ብቻ ተወስኖ ይታያል። 30 ያህሉ ላይ አንጎልን ይይዛል። 25 ያህሉ ላይ ደግሞ በመላ ሰውነት ይሰራጫል። በቆዳ የጀመረውም ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለቱ ከባድ መልኮች ይሸጋገራል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በመላ ሰውነት ከተሰራጨባቸው 100 ሕፃናት 85ቱ፣ አንጎላቸው ከተያዘው 50ዎቹ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በሚሰጠው ሙሉ ሕክምና የፊተኛው ወደ 30፣ የኋለኛው ወደ 4 ወርዷል። ይሁንና ሕክምናው ከዘገየ አንጎሉ የተያዘ ሕፃን ቢተርፍም እንኳ የሚጥል በሽታ፣ የእጅና የእግር ድካም ወይም የአእምሮ ዝግመት ሊቀርበት ይችላል። በዚህ በሽታ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ሰዓት ነው።

ምልክቱ በብዛት የሚታየው ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሲሆን እስከ 6 ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። ልብ በሉ፤ ይህ ጊዜ እናቲቱ አራስ ቤት ያለችበት፣ ሕፃኑም የሰው ዓይን እንዳያገኘው፣ ፀሐይ እንዳይመታው ተብሎ ከቤት የማይወጣበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ሰውነቱ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፋ ወይም ከተዝለፈለፈ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ በቆዳው ወይም በአፉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣበት፣ ያን ቀን ወደ ጤና ድርጅት መሄድ አለበት። ሽፍታውን ብቻ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ አንጎላቸው ከተያዘው ሕፃናት በብዙዎቹ ላይ አንድም ሽፍታ አይታይም። ወጉ ለጤነኛ ሕፃን ነው የተሠራው፤ ለታመመ ሕፃን አርባው እስኪሞላ ተብሎ በር አይዘጋበትም።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንምጣ። ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ለምንስ ያን ሁሉ ያደርጋል? ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ፈርቶ ልጁን ይዞ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንናገር።

የመጀመሪያው ናሙና ከላይ ከሰውነቱ የሚወሰድ ነው። በኮሮና ጊዜ በአፍንጫችን ይገባ የነበረውን የመሰለ፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ዘንግ ይመጣና የሕፃኑ ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫና መቀመጫ ይጠረግበታል። ሽፍታ ካለበት ደግሞ ውሃ የቋጠረው ይከፈትና ሥሩ ይጠረጋል። ከሁሉ ብዙ ቫይረስ የሚገኘው ከዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ሽፍታ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል፣ አመድ ወይም ቅባት አታድርጉ፣ ቤት ውስጥም አታፈንዱት የምንለው። የተቀባ ነገር ናሙናውን ያበላሻል፤ የፈነዳውም ሌላ ጀርም ያስገባል። ዳማ ከሴውም ቢሆን ለአዋቂው ይሁንለት እንጂ በጨቅላ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ አይጨመቅ።

እናቲቱ በምጥ ጊዜ ቁስል ከታየባት ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም እንኳ ይመረመራል፤ ሆኖም ናሙናው የሚወሰደው ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚገኘው ቫይረስ በመውጫው ላይ ከእናቱ ቆዳ ተነካክቶ የመጣ እንጂ በሕፃኑ ላይ የተራባ ላይሆን ስለሚችል ነው። የታመመ ሕፃን ግን ሰዓት አይቆጠርለትም፤ ወዲያው ይመረመራል።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። ቫይረሱ ወደ ደም መግባት አለመግባቱ ይታያል፤ በተጨማሪም ጉበቱ ተጎድቶ እንደ ሆነ ይመረመራል።

ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚፈራው ነው፤ ከወገብ ላይ በመርፌ የሚወሰደው የአከርካሪ ውሃ። «ልጄን ሽባ ያደርጉታል» ብለው እምቢ የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ እስከ አከርካሪው መጨረሻ አይደርስም፤ መርፌው የሚገባው ደግሞ ገመዱ ካለቀበት በታች፣ ውሃው ባለበት ቦታ ነው። የሚወሰደውም ጥቂት ጠብታ ሲሆን ሰውነት ራሱ መልሶ ይተካዋል። አንጎል መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሕክምናው ስንት ቀን መሆን እንዳለበትም የሚወስነው ይኸው ስለ ሆነ እምቢ ማለት ሐኪሙን በጨለማ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

እነዚህ ናሙናዎች የሚመረመሩት ፒሲአር በሚባል መሣሪያ ነው። አሠራሩን በገበሬ ቋንቋ እንናገር ብንል፣ በአውድማ ላይ ባለ ገለባ ውስጥ የወደቀች አንዲት የጤፍ ፍሬ በዓይን አትገኝም። ያች ፍሬ ተዘርታ፣ ምርቷም ተመልሶ እየተዘራ ጎተራ ቢሞላ ግን ማንም ያያታል። ፒሲአርም የቫይረሱን ዘር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደጋግሞ ያባዛና በናሙናው ውስጥ መኖሩን ያሳያል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 ያገኘው ካሪ ሙሊስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሆን በ1993 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ሄርፒስ አንጎል ውስጥ መግባቱን በእርግጥ ለማወቅ ከአንጎል ቁራጭ ሥጋ ይወሰድ ነበር። መድኃኒቱን አሲክሎቪርን ካስገኙት መካከል የነበረችው ገርትሩድ ኤልዮንም በ1988 እ.ኤ.አ. ይኸንኑ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ናት።

«ከእናቲቱና ከልጁ ደም ወስዳችሁ ለምን በአጭሩ አትመረምሩም?» የሚሉም አሉ። የሠፈራችን እናቶች ይህን በሌላ በኩል ያውቁታል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት ስትወልድ፣ ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ይወሰድና ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ይላካል። ለትልቅ ሰው የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ለጨቅላ የማይበቃው፣ በልጁ ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ አካል የእናቱ ስለ ሆነ ነው። ለሄርፒስም ያው ነው። ፀረ አካሉን ማየት የእናቱን ታሪክ ይነግረናል፤ የልጁን አይነግረንም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ራሱ ቫይረሱ ነው።

አሁን የምንናገረው ከሁሉም የበለጠ ነው፤ እባካችሁ ያዙልን። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ መድኃኒት አይጠበቅም። ሐኪሙ ሄርፒስ ይሆናል ብሎ ከጠረጠረ ናሙናውን ወስዶ አሲክሎቪርን ያን ሰዓት ይጀምራል፤ ሌሎቹን የጀርም መድኃኒቶችም አብሮ ይሰጣል። ውጤቱ የለም ካለ ያቆመዋል፤ አለ ካለ ይቀጥላል። ደግሞም በሕመሙ መጀመሪያ ቀናት የተወሰደ የአከርካሪ ውሃ ቫይረሱ እያለ የለም ሊል ይችላል። ምልክቱ ካልጠፋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ስለዚህ «ያኔ ነፃ ነው ተብሎ አልነበረም ወይ? ዛሬ ደግሞ ለምን ይወጋል?» ብሎ መቆጣት አይገባም።

መድኃኒቱ በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል፤ መጠኑም በሕፃኑ ክብደት፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ሚሊግራም ሆኖ ይሰላል። በቆዳ ብቻ ለተወሰነው 14 ቀን፣ አንጎልን ለያዘው ወይም ለተሰራጨው 21 ቀን ነው። አንጎሉ ተይዞ ከነበረ በመጨረሻው የአከርካሪው ውሃ እንደገና ይታያል፤ ቫይረሱ ካልጠፋ ቀኑ ይጨመራል። ከዚያም ለ6 ወር በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ይከተላል። ከሱቅ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛው የአሲክሎቪር ቅባት በዚህ ሕመም ለጨቅላ ምንም አይተካም።

ፒሲአሩ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ምርመራ አይደለም። ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው ምልክቱን አይተው ይልካሉ፤ ከመካነ ሰላም ሆስፒታልም የባሰበት ሕፃን በአቃስታ በኩል ወደ ደሴ ይላካል። ከዓባይ ዳር ከቆላው ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ይህ መንገድ ምን እንደ ሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ 21 ቀን አለ። አራሷ 21 ቀን ደሴ ስትቀመጥ ምን ትበላለች? የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ላሚቱን ማን ያልባል? አባትየው ማረሻውን ትቶ እስከ መቼ ይቆማል? ታዲያ ብዙ ሰው በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ቀን፣ «ተሽሎታል» ብሎ ልጁን ይዞ ይመለሳል። ሽፍታው ከላይ ደርቆ ቫይረሱ ከውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

እንግዲህ ቅሬው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቅሬ፣ የከተማው ሰው እድር የሚለው፣ በወሎ ሬሳ ብቻ ተሸክሞ አያውቅም። መኪና ባልነበረበት ዘመን በሽተኛን በቃሬዛ ተቀባብሎ ሐኪም ቤት ያደረሰ ቅሬ ነው። እስላም ክርስቲያኑ ተጋግዞ የቀበረ፣ ተጋግዞ ያሳከመ ነው። ለቀብር የምናዋጣውን ጉልበትና ገንዘብ ጥቂቱን ለጨቅላ ብናውለው ከልማዳችን አንወጣም። ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለታመመ ጨቅላ የመጓጓዣ ብድር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከመዋጮው ተለይቶ በገንዘብ ያዡ እጅ እንዲቀመጥ፤ ዳኞቹን ለመሰብሰብ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት እንዲሰጥ።

ሁለተኛ፣ እናት ከልጇ ጋር ሆስፒታል በምትቆይበት ጊዜ፣ ለሐዘንተኛ ቤት ተራ እንደምንገባው ሁሉ ለቤቷና ለከብቷ ተራ እንዲወጣላት።

ሦስተኛ፣ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገንፎውን እንብላ፤ ሕፃኑን ግን ፊቱንና እጁን አንሳም። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው ሽፍታው ደርቆ እስኪድን ድረስ ጨቅላ አይቀፍ። ምች የወጣባት እናት ራሷ ብትሆን አፏን በነጠላ ሸፍና፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ታጥባው፤ ጡቱ ላይ ቁስል ከሌለ ማጥባቷን አትተው። ቁስሉ በአንደኛው ጡት ላይ ከሆነ እስኪድን ከዚያ ጡት አታጥባው። በምጥ ጊዜ በሰውነቷ ላይ ቁስል ወይም ማቃጠል ያላት እናት ለአዋላጇ ሳታፍር ትንገር፤ በዚያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና መውለድ የልጁን አደጋ ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ጸሐፊያችን ከእንግዲህ የጨቅላ ሞትንም በመዝገብ ይያዝ። ስም ባይኖረው የእናቱ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን፣ ምን ምልክት እንደ ነበረበትና ሐኪም ቤት ደርሶ እንደ ሆነ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደ ሆኑ በዚሁ ስብሰባ ይነበብልን። ያልተቈጠረ ሰው ምን እንደ ገደለው አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀም ነገር መድኃኒት ቢኖረው ማንም አይፈልግለትም።

ዳኞቻችን በእነዚህ በአራቱ ላይ አባሉን አወያይተው ድምፅ እንዲያሰጡልን እየጠየቅን፣ ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን። ፈጣሪ የሰጠንን ያሳድግልን።